ጀርባ የሌለው ባንጆ

ሐሙስ ነበር፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ። ሰዓቱን በደንብ የማውቀው ሱቃችንን ሊቀባ የመጣው ልጅ ራሱ ከግድግዳው አውርዶ እጄ ላይ ስላስቀመጠው ነው።

«ያዢልኝ እህት፣ ቀለም እንዳይነካው» አለና መሰላሉ ላይ ወጣ።

ሽፋሽፍቱ ላይ ከሌላ ቤት ይዞት የመጣው ነጭ ቀለም ነበር። ዐይኑን ባርገበገበ ቁጥር ወፍጮ ቤት ውሎ የመጣ ሰው ይመስላል። እኔ የግድግዳ ሰዓቱን እንደ ሕፃን ታቅፌ፣ አንገቴን አንጋጥጬ ቆምኩ። አክስቴ እቴዬ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «አንቺ፣ ሰዓቱን ታቅፈሽ ምን ትጠብቂያለሽ? እንዳይነጋብሽ!» እስክትለኝ ድረስ ክንዴ መዛሉ አልታወቀኝም።

አሁን እሱ የለም። ሊያጽናኑኝ የሚመጡ ሰዎች ስለ መጨረሻዎቹ ቀኖች ይጠይቁኛል። እኔ ግን አፌን ስከፍት የሚመጣልኝ ያ ሐሙስ ነው። የመጣልኝን እጽፋለሁ።

ሱቃችን የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ነው። ፊት ለፊት ጊታርና ማንዶሊን፣ ጥቂት ቫዮሊንም እንሸጣለን። የአባቴ ልብ ግን ከኋላ ባለው መሥሪያ ክፍሉ፣ ክብ ከበሮ ላይ ክር በተወጠረባቸው ባንጆዎቹ ላይ ነበር። እንጨቱን የሚያጎብጠው እሱ፣ ቆዳውን የሚወጥረው እሱ ነው። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ የአባቴ እህት እቴዬ ናት፤ ሂሳቡንም ሰዉንም የምትቆጣጠረው እሷ ነበረች። የእኔ ሥራ ሰውን ከሚስማማው ባንጆ ጋር ማገናኘት ነው። እቴዬ «የባንጆ ደላላ» ትለኛለች።

በሦስተኛው ቀን ቀቢው ኮርኒሱን እየቀባ ከላይ ሆኖ ጠየቀኝ።

«ከነዚህ ሁሉ ምርጡ የትኛው ነው?»

«ለማን?»

«ለሰው ነዋ! ለፍየል ልጠይቅሽ?»

«ምርጥ ጫማ የትኛው ነው ብትለኝ ቁጥርህ ስንት ነው እልሃለሁ። ይሄም እንደዚያው ነው። ትጫወታለህ?»

«ጎረቤቴ አንድ አለው። እሱ ሲተኛ እኔ እጫወታለሁ። እኔ ስጫወት እሱ ይነቃል።»

ሳቄ ሱቁን ሞላው። አባቴ ከመሥሪያ ክፍሉ መዶሻውን አቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ።

«ውረድና እጅህን ታጠብ» አልኩት።

ወረደ። እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ፈትጎ ታጠበና ከግድግዳው ላይ ዐይኑ የወደደውን አወረደ። የወደደው ደግሞ ሁሉም ሰው የሚወደውን ነው፤ ዙሪያው በብረት የሚያብረቀርቀውን፣ ከኋላው በወፍራም እንጨት የተደፈነውን፣ ከባዱን። ያ ባንጆ ድምፁን ሰብስቦ ወደ ፊት ይወረውራል። አምስት ስድስት ሰው አብሮ በሚጫወትበት መድረክ ላይ፣ ሦስት ጣቱ ላይ የብረት ጥፍር አጥልቆ ክሩን ወደ ላይ ቶሎ ቶሎ ለሚነጥቅ ሰው ነው የሚሆነው። ይህን ስነግረው፣ «የብረት ጥፍሩን ስጪኝ» አለ። ሰጠሁት።

ዶሮ ቆርቆሮ ላይ ስትጭር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነበር።

እቴዬ ከሂሳብ ጠረጴዛዋ ቀና ሳትል፣ «ያንተ ጎረቤት ምስኪን ነው» አለችው።

አፈረ። የብረት ጥፍሮቹን አንድ በአንድ አውልቆ መዳፌ ላይ አኖራቸው፤ ሞቀው ነበር። ከዚያ፣ ሊሰቅለው ሲነሳ፣ እንዲያው ለስንብት ያህል በባዶ እጁ አንድ ጊዜ መታው። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ጣቱ ክሩን ወደ ላይ አልነጠቀም። እጁ እንዳለ ወረደ፤ የጥፍሩ ጀርባ ክሩን መትቶ አለፈ፣ አውራ ጣቱ ደግሞ አምስተኛዋ አጭር ክር ላይ አረፈና ለቀቃት። ቀኑን ሙሉ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ሲያወርድ የዋለ ክንድ ሌላ ምን ያውቃል? ማንም አላስተማረውም። ሰዎች አስተማሪ ከፍለው፣ ወር ሙሉ ተሰድበው የሚያገኙትን አወራረድ እሱ ከግድግዳ ጋር ሲውል አግኝቶታል።

«ደግመው» አልኩት። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም።

ደገመው። ዐይኑን ከክሩ ላይ አንስቶ አየኝ። እኔም አየሁት። ያን ቀን ማታ የብረት ጥፍሮቹን በኪሴ ይዤ ወደ ቤት መሄዴን ያወቅኩት ኮቴን ሳወልቅ ነው። ለብቻዬ ሳቅኩ፤ ለምን እንደምስቅ ግን ለራሴም አልነገርኩትም።

እቴዬ ቁመቱን አይታ «መሰላል» የሚል ስም አወጣችለት፤ ስሙም ጸና። አራት ቀን ይፈጃል የተባለው ሥራ ሦስተኛ ሳምንቱን ያዘ። አባቴ ቀና ብሎ እያየ፣ «ይሄ ኮርኒስ ቀለም ይጠጣል እንዴ?» ይላል። እቴዬ፣ «ኮርኒሱ አይደለም የሚጠጣው» ትልና እኔን ታያለች።

በምሳ ሰዓት አባቴ ሲያሸልብ እኔና መሰላል ወለሉ ላይ በተነጠፈው ካርቶን እንቀመጣለን። የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት። አራት ክር ያለው ባንጆ ሰፋ ባለ መምቻ ሁሉንም ክር በአንዴ ለሚመታ ሰው እንደሚሆን፤ እንደ እሱ አውራ ጣቱ ለሚሠራ ግን አምስተኛዋ አጭር ክር የግድ እንደምታስፈልግ። ጣቱ ረጅም ሰው ቀጭን አንገት ከያዘ ክሮቹ እንደሚጨናነቁበት። ከባድ ባንጆ ቆሞ በማንገቻ ለሚጫወት እንጂ፣ ትከሻው ዝሎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ለሚጫወት እንደማይሆን። እሱ አፉን ከፍቶ ያዳምጠኛል። ምን ያህሉን እንደሰማ እንጃ።

«አንቺ ብቻ ምረጪልኝ» አለኝ አንድ ቀን። «ከክፍያዬ ላይ ይቀነስ። አንቺ የመረጥሽውን ሳላይ እወስዳለሁ።»

«ሳታይ?»

«አንቺን አይቻለሁ፤ ይበቃኛል።»

ካርቶኑን በጥፍሬ መፋቅ ጀመርኩ።

ያልነገርኩት አንድ ነገር ነበር። ሱቁ የሚቀባው ለእኔ ነው። ጎረቤታችን የፒያኖ ነጋዴ ሲሆን የአባቴ የረጅም ጊዜ ወዳጅ ነው። ልጁ ከትምህርት ተመልሷል። ልጆቹ ከተጋቡ በሁለቱ ሱቆች መሃል ያለው ግድግዳ ይፈርስና አንድ ትልቅ ሱቅ ይሆናል ብለው አባቶቹ ከተስማሙ ቆይተዋል። እሁድ ሳምንት ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። አባቴን አንድ ቀን ልነግረው ሞክሬ ነበር።

«አባባ፣ ይሄ ቀቢ ልጅ እኮ…»

«ጎበዝ ልጅ ነው» አለ ቆዳ እየወጠረ። «ግን መሰላል ላይ የሚኖር ሰው ሱቅ አይረከብም። እኔ ስሞት ይህን ቤት ማን ይይዝልሽ?»

ጥያቄው የክፋት አልነበረም። የሚወጥረውን ቆዳ ሌላ ጫፍ ያዝኩለት።

ሥራው ያለቀው ሐሙስ ነው። ለእሱ የመረጥኩት ከመሥሪያ ክፍሉ ውስጥ፣ ከመስኮቱ አጠገብ የነበረውን ባንጆ ነው፤ አባቴ በወጣትነቱ የሠራውን። ቀላል ነው። አንገቱ ሰፊ፣ ፊቱ እውነተኛ የጥጃ ቆዳ። ከኋላው ክዳን የለውም፤ ክብ እንጨቱ ክፍት ነው፣ እጅህን ብታስገባ ቆዳውን ከውስጥ ትነካዋለህ። ድምፁ አይጮህም፤ ልክ አጠገብህ ተቀምጦ እንደሚያወራህ ሰው ነው። ቀኝቼ፣ በንጹሕ ሻሽ ጠቅልዬ ጠበቅኩት።

እኔ ሳልደርስ ግን አባቴ ቀድሞ አግኝቶታል። ሂሳቡን ሲሰጠው፣ «እሁድ ሳምንት ለልጄ እንግዶች ይመጣሉ። ቀለሙ እስከዚያ ሽታው ይጠፋል?» ሲለው ሰማሁ።

«ይጠፋል ጋሼ» አለ መሰላል። ድምፁ ወለል ላይ ወደቀ።

ወደ እኔ መጣ። ሻሹን ፈታ። ፊቱን አየ፤ ፈገግ ሊል ነበር። ከዚያ ገለበጠው። ባዶውን አየ፤ እጁን አስገባ፤ አወጣ። ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ባንጆዎች ተመለከተ።

«የእኔ ይሄ ነው?»

አባቴ እያየን ነው። «አዎ። ላንተ የሚሆነው ይሄ ብቻ ነው።»

«ገባኝ» አለ። ባንጆውን በሻሹ መልሶ ጠቀለለው፤ ቀስ ብሎ፣ ቁስል እንደሚያስር ሰው። መሰላሉን ተሸክሞ ወጣ። ምን እንደገባው አልገባኝም። አዲሱ ቀለም ሱቁን አብርቶት ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን በላይ ጨለማ ቤት አይቼ አላውቅም።

አልተመለሰም። በሚቀጥለው ሰኞ እቴዬ ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ፣ «መሰላልን የብረታ ብረት ሱቅ አገኘሁት» አለችኝ። «ኮላና ቫርኒሽ ይገዛል። ባንጆው ተስማማህ ወይ አልኩት።»

«ምን አለ?»

«‹እየሞላሁት ነው በያት› አለ።»

«ምኑን?»

«እኔ ምን አውቄ! ውኃ ይሆናል።»

እሁድ ደረሰ። ፒያኖ ነጋዴው ከነልጁ መጣ። ልጁን ልጠላው ብፈልግም አልቻልኩም፤ ሳቂታ፣ ጨዋ፣ ጫማው የተወለወለ ልጅ ነበር። ለሌላ ሴት ጥሩ ባል ይሆናል። በሱቁ መሃል ወንበር ተደርድሮ ሻይ ቀርቧል። አባቶቹ የሚፈርሰውን ግድግዳ በእጃቸው እየለኩ ነው። እኔ የሻይ ማንኪያዬን አዞራለሁ፤ ስኳር ያልገባበት ሻይ።

በሩ ተከፈተ። መሰላል ያለ መሰላሉ መጣ፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሽፋሽፍቱ ንጹሕ። ሻሹን ታቅፏል። ለሁሉም ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠና ከአባቴ ፊት ቆመ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፤ እንግዳ እንዳለ አውቃለሁ። አልቀመጥም። ልጅዎ የሰጠችኝ ባንጆ ጎዶሎ ነበር። ጀርባ የለውም። ምናልባት ለእንደኔ ያለ ሰው ጎዶሎው ይበቃዋል ብላ ይሆናል። አልቀየምም። ግን እኔ ጎዶሎ ነገር ይዤ አልኖርም። ሞልቼዋለሁ።»

ሻሹን ገለጠው።

ከኋላው ክዳን ገጥሞለት ነበር። ከአሮጌ ቁም ሣጥን በር የተቆረጠ ጥቁር ቡና ዓይነት እንጨት፣ በብርጭቆ ወረቀት ለስልሶ፣ በቫርኒሽ እንደ መስተዋት የሚያበራ። በስድስት ብሎን ታስሯል።

ክፍት ሆኖ የተሠራውን ባንጆ ደፍኖት መጣ።

የፒያኖ ነጋዴው ልጅ ሳቁ አመለጠው። እኔም ሳቅኩ፤ እምባዬ እየወረደ ሳቅኩ። ያ ሁሉ ቀን! ያ ሁሉ «ገባኝ»! ግድግዳው ላይ ያሉት ባንጆዎች ሁሉ ፊታቸውን ለእኛ፣ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው ነው የሚሰቀሉት። የጎረቤቱም ክዳን ያለው ነው። ክፍት ባንጆ መኖሩን ይህ ሰው ከየት ይወቅ? እኔ ደግሞ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስላየሁት ሰው የማያውቀው ነገር መሆኑ ፈጽሞ አልታየኝም። ስለ ክር ነግሬዋለሁ፣ ስለ አንገት ነግሬዋለሁ፤ ስለ ጀርባ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

እሱ ግን ሳቄን ነው የሰማው። ፊቱ ተለወጠ። ባንጆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ በሩ ዞረ።

«ቁም!» አልኩ። በአባቴ ፊት እንደዚያ ጮሄ አላውቅም። «አንድ እርምጃ ብትሄድ ይቅር አልልህም!»

ቆመ።

አባቴ እሁድም ቢሆን ከኮቱ ኪስ ካቻቢቴ አይጠፋም። እጄን ሰድጄ አወጣሁት። ብሎኖቹን መፍታት ጀመርኩ፤ ስቸኩል ሁለቱ አምልጠው በወንበሮቹ ሥር ተንከባለሉ። ክዳኑን አነሳሁና ባንጆውን ይዤ ወደ መሰላል ሄድኩ። ሆዱ ላይ ለጠፍኩት።

«ይሄ ባንጆ ምንም አልጎደለውም! ሲሠራም እንዲህ ነው የተሠራው። ጀርባው የሚጫወተው ሰው ነው። ድምፁ መጀመሪያ አንተ ጋ ይገባል፤ አንተን ነክቶ ነው የሚወጣው። ለዚህ ነው በሁለት ሰው እጅ አንድ ዓይነት ድምፅ የማይሰጠው። ግድግዳ ላይ ያሉት ለማንም ይሆናሉ። እኔ ግማሽ አልሰጠሁህም፤ ያለ ሰው ሙሉ የማይሆነውን መርጬ ነው የሰጠሁህ!»

«እና ለምን አልነገርሽኝም?»

«የምታውቅ መስሎኝ!»

«ከየት ልወቅ? ሁሉንም ፊት ፊታቸውን ነው የምታሳዩት!»

«እውነቱን ነው» አለች እቴዬ፣ ሻይዋን እየጠጣች።

«ተጫወት» አልኩት። «ይሄን ሁሉ ሰው እርሳው። ወደ ራስህ አስጠጋውና ተጫወት።»

አስጠጋው። እጁ ተነሳና ወረደ። የመጀመሪያው ምት እንደ ፈራ ሰው ነበር። ሁለተኛው አልፈራም። ከዚያ ያቺ አጭር ክር ገባች፤ እግሩ ወለሉን መምታት ጀመረ፤ የጥጃው ቆዳ ሞቀና ድምፁ ወፈረ። ደረቱ ውስጥ ገብቶ፣ ሸሚዙን አልፎ፣ ወደ እኔ ሲመጣ ተሰማኝ። የፒያኖ ነጋዴው ልጅ ሳያውቀው ጉልበቱን እየመታ ነበር።

አባቴ ሰው ሲጫወት እጁን እንጂ ፊቱን አያይም። ያን ቀን እጁንም ፊቱንም አላየም። የሚያየው እኔን ነበር።

ሲጨርስ አባቴ መነጽሩን አጥልቆ ክዳኑን አነሳ፤ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ በጣቱ አንኳኳው።

«መቆንጠጫ አለህ እንዴ?»

«የለኝም ጋሼ። ኮላው እስኪደርቅ ፍራሼ ሥር አድርጌ ተኛሁበት።»

«ተኛህበት።» አባቴ ከንፈሩን ነከሰ፤ ሳቁን እየያዘ እንደሆነ እኔና እቴዬ ብቻ እናውቃለን። ከዚያ የሱቅ ፊቱን አደረገ። «ስማ። በዚህ ቤት ደንብ አለ። ዕቃው ምን እንደሆነ በደንብ ሳይነገረው የወሰደ ሰው የመመለስ መብት አለው። ጥፋቱ የሱቁ ነው። ትመልሳለህ?»

መሰላል ባንጆውን ይበልጥ ወደ ሆዱ አስጠጋው። «አልመልስም ጋሼ።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ድምፁ ዝቅ አለ። «አንቺስ? ስለ ባንጆው አይደለም የምጠይቅሽ።»

«አልመልስም አባባ።»

አባቴ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፤ አልቆሸሸም ነበር። ከዚያ ወደ ፒያኖ ነጋዴው ተመለከተና እጁን ትከሻው ላይ አኖረ።

«ወዳጄ፣ ግድግዳው በጣም ቆንጆ ሆኖ ተቀብቷል። ባናፈርሰው ይሻላል መሰለኝ።»

ነጋዴው ግድግዳውን አየ፣ ልጁን አየ። ልጁ ተነስቶ የመሰላልን እጅ ጨበጠና፣ «ክዳኑን ግን ለእኔ ሽጥልኝ። እንዲህ ያለ ትሪ የለንም» አለው። መጀመሪያ የሳቀችው እቴዬ ናት። ከዚያ አባቴ፤ ከዚያ ሁላችንም። መሰላል ባንጆውን ሳያስቀምጥ፣ በሌላ እጁ ጣቶቼን ያዘ። የሁሉም ዐይን እኛ ላይ ነበር፤ እኔ ግን አላፈርኩም።

ከአምስት ወር በኋላ ተጋባን። ሁለት ሴት ልጆች ወለድን፤ ትልቋ ቫዮሊን ታስተምራለች፣ ትንሿ ምንም አትጫወትም። ባንጆው ግን እሱ ከሞተ ወዲህ በእውነት ጀርባ የለውም።